ከዲላ እስከ ጆሃንስበርግ፤ የአንድ ፕሮፌሽናል ተጫዋች ጉዞና የመዝገብ አያያዝ ፋይዳ

የጌዴኦ ዞን ርዕሰ ከተማ ዲላ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ሞያሌ በሚያመራው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። የከተማዋና የዞኑ ስም በአብዛኛው የሚነሳው ከቡና ጋር ተያይዞ ነው። ዞኑ የይርጋጨፌ ቡና መገኛ ሲሆን፣ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድርም በመስከረም 2016 ዓ.ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ይሁን እንጂ ዲላ ለሀገሪቱ ያበረከተችው ቡና ብቻ አይደለም። በ1984 ዓ.ም በዚህች ከተማ የተወለደው አጥቂ ጌታነህ ከበደ ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን ብዙ ግቦችን ካስቆጠሩ ተጫዋቾች መካከል አንዱ ለመሆን በቅቷል።

የጌታነህ የእግር ኳስ ሕይወት የአንድን ተጫዋች ተሰጥኦና ጥረት ከማሳየቱም በላይ ለአስተዳደርና ለስፖርት ዘርፍ ኃላፊዎች ትምህርት የሚሰጥ ነው። ምክንያቱም አንድ ተጫዋች በሜዳ ላይ የሚያገኘው ውጤት ከሜዳ ውጪ ባሉ የምዝገባ፣ የውልና የመረጃ አያያዝ ሥራዎች ካልተደገፈ በቀላሉ ሊባክን እንደሚችል በእርሱ ዘመን በግልጽ ታይቷል።

ከደቡብ ፖሊስ እስከ ደደቢት

ጌታነህ ከበደ በመጀመሪያ ስሙን ያስጠራው መቀመጫውን ሐዋሳ ባደረገው የደቡብ ፖሊስ ክለብ ነው። ከዚያም ወደ አዲስ አበባ በማምራት ለደደቢት እግር ኳስ ክለብ ተጫውቷል። ደደቢት በ2005 ዓ.ም የውድድር ዘመን የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ሻምፒዮን ሲሆን፣ የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢነት ክብርም የጌታነህ ነበር።

በዚያው ዓመት ጥር ወር ኢትዮጵያ ከ31 ዓመታት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሳ በደቡብ አፍሪካ በተካሄደው ውድድር ስትሳተፍ፣ በአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ይመራ በነበረው ቡድን ውስጥ የዲላው ተወላጅ ተካቷል። ቡድኑ ከምድቡ ማለፍ ባይችልም፣ ተጫዋቾቹ በአህጉሪቱ ክለቦች ዘንድ የመታየት ዕድል አግኝተዋል።

በሜዳ የተገኘና በጽሕፈት ቤት የታጣ ነጥብ

ከአፍሪካ ዋንጫው በኋላ የተከናወኑት የ2014 እ.ኤ.አ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ጨዋታዎች በጌታነህ ሕይወት ውስጥ ልዩ ስፍራ አላቸው። መጋቢት 15 ቀን 2005 ዓ.ም ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ ቦትስዋናን 1 ለ 0 ስታሸንፍ ብቸኛዋን ግብ ያስቆጠረው እርሱ ነው። ሰኔ 1 ቀን 2005 ዓ.ም በቦትስዋና ምድር በተካሄደው የመልስ ጨዋታም ቡድኑ 2 ለ 1 ሲያሸንፍ አንዷ ግብ የእርሱ ነበረች። ከስምንት ቀናት በኋላ፣ ሰኔ 9 ቀን፣ በአዲስ አበባ ስታዲየም ደቡብ አፍሪካ ቀድማ ግብ ስታስቆጥር ቡድኑን አቻ ያደረገው ጌታነህ ነው። ጨዋታው በኢትዮጵያ 2 ለ 1 አሸናፊነት ተጠናቀቀ።

በዚያ ውጤት ኢትዮጵያ ነጥቧን 13 በማድረስ፣ አንድ ጨዋታ እየቀራት ወደ መጨረሻው የማጣሪያ ዙር ያለፈች መስሎ ነበር። ነገር ግን የሕዝቡ ደስታ ሳይበርድ የዓለም አቀፉ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ፊፋ በሰኔ 1 ቀኑ የቦትስዋና ጨዋታ ላይ ምርመራ መክፈቱን አስታወቀ። በጨዋታው የተሰለፈ አንድ ተጫዋች ቀደም ሲል በሁለት ጨዋታዎች ቢጫ ካርድ ተመልክቶ ስለነበር፣ በደንቡ መሠረት ያን ዕለት መሰለፍ አይገባውም ነበር። የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ስህተቱን አመነ። ፊፋም ጨዋታው በቦትስዋና 3 ለ 0 አሸናፊነት እንዲመዘገብ ወሰነ።

የውሳኔው ክብደት በቁጥር ሲሰላ በግልጽ ይታያል። የኢትዮጵያ ነጥብ ከ13 ወደ 10 ዝቅ አለ። ደቡብ አፍሪካ 8 ነጥብ ስለነበራት፣ ቅጣቱ ባይኖር ኖሮ የመጨረሻው ጨዋታ ውጤት ምንም የሚለውጠው ነገር አልነበረም። ከቅጣቱ በኋላ ግን ኢትዮጵያ ጳጉሜን 2 ቀን 2005 ዓ.ም ብራዛቪል ላይ ከመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ጋር ያደረገችውን ጨዋታ የግድ ማሸነፍ ነበረባት። በዚያው ዕለት ደቡብ አፍሪካ ቦትስዋናን 4 ለ 1 በማሸነፍ ነጥቧን 11 ስላደረሰች፣ ኢትዮጵያ አቻ ብትወጣ ኖሮ በነጥብ እኩል ሆና በግብ ክፍያ ትበለጥ ነበር። ቡድኑ 2 ለ 1 በማሸነፉ ወደ መጨረሻው ዙር ቢያልፍም፣ በናይጄሪያ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1፣ ካላባር ላይ ደግሞ 2 ለ 0 ተሸንፎ ከውድድሩ ወጥቷል።

ከዚህ ክስተት የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። የቢጫ ካርድ መዝገብ መያዝ የአንድ ባለሙያ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ያ ሥራ በመጓደሉ ግን 11 ተጫዋቾች ለ90 ደቂቃ ደክመው ያገኙት ሦስት ነጥብ ታጥቷል።

የፕሮፌሽናል ውል ምንነት

ጌታነህ በ2005 ዓ.ም ክረምት የደቡብ አፍሪካው ቢድቬስት ዊትስ ክለብ ተጫዋች በመሆን ወደ ጆሃንስበርግ ተጓዘ። አንድ ተጫዋች ከሀገር ወደ ሀገር በሚዛወርበት ጊዜ ከስምምነት በተጨማሪ የተሟላ ሰነድ ያስፈልጋል። የቀድሞው ክለብ የሚገኝበት ሀገር ፌዴሬሽን ዓለም አቀፍ የዝውውር ምስክር ወረቀት ይሰጣል። ሁለቱ ክለቦች የሚያቀርቡት መረጃም በፊፋ የኤሌክትሮኒክስ ሥርዓት ላይ ተነጻጽሮ መጣጣም ይኖርበታል።

በፊፋ ደንብ መሠረት የአንድ ፕሮፌሽናል ተጫዋች ውል ቢያንስ እስከ ውድድር ዘመኑ መጨረሻ የሚጸና ሲሆን፣ ከአምስት ዓመት ሊበልጥ አይችልም። ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች የሆነ ተጫዋች ደግሞ ከሦስት ዓመት የበለጠ ውል መፈረም አይፈቀድለትም። በመሆኑም የፕሮፌሽናል ተጫዋች ሥራ ከመንግሥት ሠራተኛ ቋሚ ቅጥር በእጅጉ ይለያል። ገቢው የሚረጋገጠው ለተወሰኑ ዓመታት ብቻ ነው፤ ጉዳት፣ የአሰልጣኝ መለወጥ ወይም የክለብ መፍረስ በማናቸውም ጊዜ አቅጣጫውን ሊያስቀይረው ይችላል።

የጌታነህ ጉዞም ይህንኑ ያሳያል። በደቡብ አፍሪካ ቆይታው በውሰት ለዩኒቨርሲቲ ኦፍ ፕሪቶሪያ ክለብ ተጫውቷል። ከዚያም ወደ ደደቢት ተመልሶ በ2009 ዓ.ም የውድድር ዘመን እንደገና የፕሪሚየር ሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ሆኗል። ከባሕር ማዶ መመለስ እንደ ውድቀት በሚቆጠርበት ልማድ ውስጥ ይህ ውጤት የተለየ ትርጉም ነበረው። በኋላም ለቅዱስ ጊዮርጊስና ለወልቂጤ ከተማ ክለቦች ተሰልፏል።

በብሔራዊ ቡድንም አምበል እስከ መሆን ደርሷል። መስከረም 29 ቀን 2014 ዓ.ም ባሕር ዳር ላይ ኢትዮጵያ በደቡብ አፍሪካ 3 ለ 1 በተሸነፈችበት ጨዋታ የቡድኑን ግብ አስቆጥሯል። ጥር 9 ቀን 2014 ዓ.ም ደግሞ በካሜሩን በተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ ቡርኪና ፋሶ ላይ በፍጹም ቅጣት ምት ያስቆጠረው ግብ ጨዋታው 1 ለ 1 እንዲያበቃና ኢትዮጵያ በውድድሩ ያገኘችውን ብቸኛ ነጥብ እንድትይዝ አድርጓል።

ተጫዋቹ ከተሰለፈባቸው ክለቦች መካከል አንዳንዶቹ የእርሱን ያህል አልዘለቁም። ቢድቬስት ዊትስ በ2012 ዓ.ም በከፍተኛው ሊግ የመሳተፍ መብቱን ለሌላ ክለብ ሸጦ ከውድድር ወጥቷል። ደደቢትም ሻምፒዮን ከሆነ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከፕሪሚየር ሊጉ ወርዷል። ክለቦች ቢፈርሱም ወይም ቢወርዱም፣ ተጫዋቹ የት የት እንደተጫወተ የሚያስረዳው መዝገብ ግን መቆየት ይኖርበታል።

ያሳደገ ክለብ ድርሻ

የመዝገቡ ጥቅም ለተጫዋቹ ብቻ አይደለም። በፊፋ ደንብ አንድ ተጫዋች ውሉ ሳያልቅ በክፍያ ወደ ሌላ ሀገር ሲዛወር፣ ከዝውውሩ ዋጋ 5 በመቶው ተቀንሶ ከ12 እስከ 23 ዓመት ዕድሜው ድረስ ላሳደጉት ክለቦች ይከፋፈላል። ከ12 እስከ 15 ዓመት ላለው ጊዜ የአንድ ዓመት ድርሻ የዝውውር ዋጋው 0.25 በመቶ ሲሆን፣ ከ16 እስከ 23 ዓመት ላለው ጊዜ ደግሞ በዓመት 0.5 በመቶ ነው።

ለምሳሌ ያህል፣ አንድ ክለብ አንድን ታዳጊ ከ12 እስከ 15 ዓመት ዕድሜው ለአራት ዓመታት ቢያሳድግና ተጫዋቹ በኋላ በ1 ሚሊዮን ዶላር ቢዛወር፣ ክለቡ 10 ሺህ ዶላር ያገኛል። ለአንድ የወረዳ ወይም የከተማ ክለብ ይህ ገንዘብ ኳስ፣ ትጥቅና የአሰልጣኝ ደመወዝ ለመሸፈን የሚያስችል ነው። ከዚህ በተጨማሪ ተጫዋቹ ለመጀመሪያ ጊዜ በፕሮፌሽናልነት ሲመዘገብ የሚጠየቅ የማሳደጊያ ካሳም አለ።

ይህ መብት የሚገኘው ግን ተጫዋቹ በክለቡ ስም ለፌዴሬሽኑ ተመዝግቦ ከነበረ ብቻ ነው። ፊፋ ከኅዳር 2015 ዓ.ም ጀምሮ እነዚህን ክፍያዎች የሚያስፈጽም ማዕከል ሥራ አስጀምሯል። ማዕከሉ የሚሠራው በተጫዋች ፓስፖርት ላይ ተመሥርቶ ሲሆን፣ ይኸውም ተጫዋቹ ከ12 ዓመቱ ጀምሮ የተመዘገበባቸውን ክለቦች በቅደም ተከተል የሚዘረዝር ሰነድ ነው። በሰነዱ ላይ ስሙ የሌለ ክለብ፣ ታዳጊውን በእርግጥ ያሳደገ ቢሆን እንኳ፣ ድርሻውን ለማስከበር ይቸገራል። መደበኛ ምዝገባ ሳይኖረው በሰፈር ሜዳ ወይም በታዳጊ ፕሮጀክት ብቻ ያደገ ተጫዋች ለትውልድ ከተማው የሚያስገኘው ክብር እንጂ ገንዘብ አይሆንም።

የዞንና የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ሚና

በጌዴኦ ዞን ለስፖርት ልማት መሠረት የሚሆኑ ሁኔታዎች አሉ። ጌዴኦ ዲላ የተሰኘው የሴቶች ቡድን በኢትዮጵያ ሴቶች ፕሪሚየር ሊግ ተሳትፏል። በከተማዋ የሚገኘው ዲላ ዩኒቨርሲቲም በሠለጠነ የሰው ኃይል ረገድ ድጋፍ ማድረግ የሚያስችል አቅም አለው። ከዚህ በተረፈ የሚያስፈልጉት ተግባራት ብዙ ወጪ የማይጠይቁና በመደበኛ የሥራ ሰዓት የሚከናወኑ ናቸው።

የመጀመሪያው የዕድሜ ማስረጃ ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ከ2008 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ በሀገር አቀፍ ደረጃ በመካሄድ ላይ የሚገኝ በመሆኑ፣ እያንዳንዱ ታዳጊ ወደ ሥልጠና ሲገባ የልደት ምስክር ወረቀቱ ቅጂ በፋይሉ ውስጥ ሊኖር ይገባል። ሁለተኛው የታዳጊዎች ቡድኖች ሕጋዊ ክለብ ሆነው እንዲደራጁና ተጫዋቾቻቸውን በየዓመቱ በፌዴሬሽኑ እንዲያስመዘግቡ መደገፍ ነው። ሦስተኛው ውል ለሚፈርሙ ወጣቶችና ለወላጆቻቸው የሕግ ምክር የሚያገኙበትን መንገድ ማመቻቸት ነው። አራተኛው የውድድር መዛግብትን፣ የካርድና የቅጣት መረጃን ጨምሮ፣ ኃላፊዎች በተለዋወጡ ቁጥር እንዳይጠፉ በርክክብ ማስተላለፍ ነው።

ጌታነህ ከበደ በዲላ በተወለደበት ጊዜ ከእነዚህ አሠራሮች አብዛኞቹ አልነበሩም። ዛሬ በከተማዋ ሜዳዎች የሚጫወቱ ታዳጊዎች ግን አሠራሩ በተዘረጋበት ዘመን እያደጉ ናቸው። ከመካከላቸው ነገ ወደ ውጭ ሀገር ክለብ የሚዛወር ቢገኝ፣ ዲላ ያሳደገችው መሆኑ በሰነድ መረጋገጡ ወይም አለመረጋገጡ የሚወሰነው ዛሬ በየጽሕፈት ቤቱ በሚሞላው ቅጽ ነው።