በጥናት እንዲሳተፉ ሲጠየቁ

ለንደን ውስጥ ለቀጠሮ ሄደው ሐኪሙ «አንድ ጥናት አለ፣ መሳተፍ ይፈልጋሉ?» ሊልዎት ይችላል። ብዙዎቻችን ያኔ ወዲያው የምናስበው «መሞከሪያ ሊያደርጉኝ ነው?» ብለን ነው።

ስጋቱ ከመሬት የተነሳ አይደለም። በ2006 እ.ኤ.አ. እዚሁ ኖርዝዊክ ፓርክ ሆስፒታል ግቢ፣ አዲስ መድኃኒት የተወጉ 6 ጤነኛ ወንዶች ክፉኛ ታመው ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገቡ። መድኃኒቱ ለሁሉም የተሰጠው በደቂቃዎች ልዩነት ነበር። ከዚያ በኋላ ደንቡ ጠበቀ፤ አዲስ መድኃኒት ቀድሞ ለአንድ ሰው ይሰጣል፣ ሌሎቹ ሁኔታው እስኪታይ ይቆያሉ።

ማን ይቆጣጠራል? በኤንኤችኤስ ታካሚዎች ላይ የሚደረግን ጥናት የሥነ ምግባር ኮሚቴ አስቀድሞ ይመረምረዋል። ከአባላቱ ቢያንስ ሲሶው የሕክምና ባለሙያ ያልሆኑ ተራ ሰዎች ናቸው።

ከዚያ የመረጃ ወረቀት ይሰጥዎታል። እዚያው አይፈርሙ፤ ቤት ወስደው ያንብቡት። እንግሊዝኛው ከከበደዎት አስተርጓሚ ይጠይቁ።

ብዙ ጊዜ ማን የትኛውን ሕክምና እንደሚያገኝ የሚወሰነው በዕጣ ነው። ይህ ብዙ ሰው ያስቀይማል። ግን ዕጣ የሚወጣው የትኛው እንደሚሻል ሐኪሞቹም ገና ስላላወቁ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. በብሪታንያ ሆስፒታሎች በዕጣ የተደለደሉ የኮቪድ ታማሚዎች፣ ዴክሳሜታዞን የተባለው ርካሽና አሮጌ መድኃኒት በመተንፈሻ ማሽን ላይ ካሉት ሰዎች የሚሞተውን በሲሶ እንደሚቀንስ አሳዩ።

ምን ያስወጣል? ለጥናቱ አይከፍሉም፤ የሚሰጡት ጊዜዎን ነው፤ አንዳንዴም ደምዎን። የትራንስፖርት ወጪ ብዙ ጊዜ ይመለሳል፤ ሳይፈርሙ ይጠይቁ። ምክንያት ሳይሰጡ በፈለጉ ቀን ማቆም ይችላሉ፤ መደበኛ ሕክምናዎ አይነካም። እስከዚያ የተሰበሰበው መረጃ ግን ሊቀር ስለሚችል፣ ወረቀቱ ላይ ይህን ይፈልጉ።

«ለእኔ ምን ይጠቅመኛል?» ካሉ፣ ለእርስዎ በቀጥታ ላይጠቅም ይችላል። ለወገን ግን ይጠቅማል። ኮዲን የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ጉበታችን ወደ ሞርፊን ይለውጠዋል። በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶ ያህሉ ይህን ሥራ የሚያፋጥን የተባዛ ጂን እንዳላቸው አሳየ፤ በሰሜን አውሮፓ ይህ ቁጥር ጥቂት በመቶ ብቻ ነው። ስለዚህ ለሌላው የሚስማማው መጠን ለአንዳንዶቻችን ሊበዛ ይችላል። አውሮፓውያን ብቻ ቢመረመሩ ኖሮ ይህ አይታወቅም ነበር።

ጥሪ ሳይጠብቁ ጥናት መፈለግ ከፈለጉ፣ «ቢ ፓርት ኦፍ ሪሰርች» በተባለው የኤንኤችኤስ አገልግሎት በነፃ ይመዘገባሉ። መመዝገብ ለየትኛውም ጥናት አያስገድድዎትም።