ለቡና መድኅን የሆነው ጫካ

በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ወደሚገኝ የቡና ጫካ የገባ ሰው በመጀመሪያ የሚታየው የዛፍ ብዛት ነው። ጠጋ ብሎ ለተመለከተው ግን ጫካው እርስ በርሳቸው የተሳሰሩ ሦስት የተፈጥሮ ሀብት እርከኖችን ይዟል።

የመጀመሪያው እርከን በቡናው መካከል ያለው የዘር ልዩነት ነው። ጎን ለጎን የበቀሉ ሁለት የቡና ዛፎች በስም አንድ ቢሆኑም በቅጠላቸው ቀለም፣ በፍሬያቸው መጠንና በሽታን በመቋቋም ኃይላቸው ይለያያሉ። ሁለተኛው አብረው የሚኖሩት የልዩ ልዩ ዕፅዋትና እንስሳት ብዛት ነው። ቡናው በዋንዛና በሰሳ ጥላ ሥር ያድጋል፤ አጠገቡ ኮረሪማ ይበቅላል፤ ንቦች አበባውን ይቀስማሉ። ሦስተኛው እርከን አፈሩን፣ ምንጩንና ርጥበቱን ጠብቆ ሁሉንም አቅፎ የያዘው ጫካው ራሱ ነው።

የእነዚህ እርከኖች ጥቅም በግልጽ የታየው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ ኢትዮጵያ በገባ ጊዜ ነው። ቀደም ሲል በ1922 በኬንያ የታወቀው ይህ በሽታ በፈንገስ የሚመጣ ሲሆን፣ እሸቱን ፍሬ በጥቁር ነጠብጣብ እየወረረ ያደርቀዋል፤ ያረግፈዋል። ደጋግሞ መድኃኒት መርጨት ደግሞ ለአነስተኛ ገበሬ ከአቅም በላይ ነው።

መፍትሔው የተገኘው ከዚያው ከአገሩ ቡና ነበር። የጅማ የምርምር ባለሙያዎች በሽታው በጸናባቸው ቦታዎች እየተዘዋወሩ፣ ሌሎቹ ፍሬያቸውን ሲያረግፉ ጤናማ ሆነው የቆዩትን ዛፎች መረጡ። ዘራቸውንም ፈትነው በ1970ዎቹ መጨረሻ ለገበሬው ማዳረስ ጀመሩ። 74110 እና 74112 የተባሉት ዝርያዎች በ1974 ከኢሉባቦር፣ ከመቱ አካባቢ የተገኙ ናቸው።

ይህን የመሰለ የዘር ልዩነት ያልነበራቸው አገሮች ዕድላቸው ሌላ ሆኗል። ከኢትዮጵያ በየመን በኩል ወጥቶ ዓለምን ያዳረሰው ቡና ከጥቂት ተክሎች የተራባ ነበር። በ1869 የቅጠል ዋግ በሲሎን በተነሣ ጊዜ የደሴቲቱ የቡና እርሻ ከጥቂት ዓሥርተ ዓመታት በኋላ ጠፍቶ በሻይ ተተክቷል።

ዛሬ ሥጋቱ ከሁለት ወገን ይመጣል። በአንድ በኩል ጫካው ለእርሻና ለማገዶ ይመነጠራል፤ በሌላ በኩል ጥሩ ምርት የሚሰጡት ጥቂት ዝርያዎች በየማሳው ሲስፋፉ ነባሩ ቡና ይነቀላል። የቡና ዘር ደግሞ እንደ ገብስና ስንዴ ደርቆ በቀዝቃዛ ክፍል ለረጅም ዘመን አይቀመጥም፤ ተተክሎ በቁሙ መጠበቅ አለበት። በጅማ አካባቢ በጮጬ በሺህ የሚቆጠሩ የቡና ናሙናዎች በመስክ ተተክለው የሚጠበቁት በዚህ ምክንያት ነው። የካፋና የያዩ ደኖች በ2010፣ የሸካ ደን በ2012 በዩኔስኮ ተመዝግበዋል።

ሆኖም መዝገብ ብቻውን ዛፍ አያቆምም። ገበሬው ከጫካው ማርና ኮረሪማ ሲያገኝ ጫካውን ይጠብቃል፤ አዲሱን ዝርያ ሲተክልም ከአያቶቹ የወረሰውን ቡና በማሳው ጥግ ሊያስቀር ይችላል። ነገ ሌላ በሽታ ቢነሣ መድኅኑ የሚፈለገው ከዚያች ጥግ ነውና፣ ነባሩን ቡና ከመንቀል በፊት ደግሞ ማሰብ ይገባል።