የጥይት ምስጢርና የሕዝብ ገንዘብ

በ1927 ዓ.ም. የኢጣሊያ ወረራ ደጃፍ ላይ ደርሶ ሳለ፣ ኃያላኑ መንግሥታት ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም አሉ። ጣሊያን የራሷ ፋብሪካ ስለነበራት ክልከላው የጎዳው ጥይት ከውጭ የምትገዛውን ኢትዮጵያን ነው። በ1969 ዓ.ም. ደግሞ አሜሪካ ወታደራዊ እርዳታዋን አቋረጠች። ከአሥር ዓመት በኋላ በአምቦ አቅራቢያ የሆሚቾ የጥይት ፋብሪካ ተቋቋመ። ጥይትን በገዛ እጅ የማምረት ፍላጎት ከዚህ ታሪክ የመጣ በመሆኑ ማንም ሊነቅፈው አይገባም።

ጥፋቱ የመጣው በሌላ በር ነው። በ2002 ዓ.ም. የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ ሕዝቡ ሜቴክ ብሎ የሚያውቀው፣ ሲመሠረት ሆሚቾና ጋፋትን የመሰሉ የመሣሪያና የጥይት ፋብሪካዎች ከትራክተርና ከአውቶቡስ መገጣጠሚያዎች ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ገቡ። መሪዎቹ የጦር መኮንኖች ነበሩ። ብዙም ሳይቆይ ኮርፖሬሽኑ የስኳር ፋብሪካዎችን፣ የያዩ ማዳበሪያንና የህዳሴ ግድብን የኤሌክትሮ ሜካኒካል ሥራ ተረከበ። ለባሩድና ለቀለህ የሚገባው ምስጢር የሸንኮራ መፍጫ ግዢንም ሸፈነ። የ2001 ዓ.ም. የግዢ አዋጅ ለብሔራዊ ደኅንነትና ለመከላከያ ሲባል የተለየ አሠራር ይፈቅድ ነበር። ስኳር ግን ምኑ ነው የመከላከያ ምስጢር?

መልሱ የመጣው ዘግይቶ፣ በፖሊስ በኩል ነው። የግድቡ ሥራ በ2010 ዓ.ም. ነሐሴ ከሜቴክ ተነጠቀ። በኅዳር 2011 ዓ.ም. የወቅቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ብርሃኑ ፀጋዬ ኮርፖሬሽኑ 37 ቢሊዮን ብር ገደማ የውጭ ግዢ ያለ ጨረታ ፈጽሟል ሲሉ ይፋ አደረጉ፤ የቀድሞው ዋና ዳይሬክተር ሜጀር ጄኔራል ክንፈ ዳኘውም ታሰሩ። ከዚያ የኮርፖሬሽኑ ወታደራዊና ሲቪል ክፍሎች ተለያዩ። ትክክለኛ ውሳኔ ነበር፤ ግን ግማሽ መንገድ ነው። የመከላከያው ክፍል ብቻውን ሲቀር ምስጢሩ ይበልጥ ይጠብቃል እንጂ አይላላም።

ሕገ መንግሥቱ የመከላከያ ሚኒስትሩ ሲቪል እንዲሆን ያዛል፤ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም ባለሥልጣናትን ጠርቶ እንዲጠይቅ፣ የመንግሥትን አሠራር እንዲመረምር በአንቀጽ 55 ሥልጣን ሰጥቶታል። ሥልጣኑ አለ፤ የጎደለው ልማዱ ነው። በመጋዘን ስንት ጥይት እንዳለ ጠላት ማወቅ የለበትም። አንድ ጥይት ስንት ብር እንደፈጀ፣ ማሽኑ ከማን እንደተገዛ፣ ተረፈ ምርቱ የት እንደገባ ግን ቃለ መሐላ የፈጸሙ ኦዲተሮችና በዝግ የሚሰበሰብ የምክር ቤት ኮሚቴ ማወቅ አለባቸው። ይህ የአገርን ደኅንነት አይጎዳም፤ ወታደሩ ምላጭ ሲስብ የማይከሽፍ ጥይት እንዲያገኝ የሚያደርገው እንዲያውም ይኸው ቁጥጥር ነው።

በየካቲት 2017 ዓ.ም. የስካይዊን ድሮን ፋብሪካ ተመረቀ፤ ዘርፉ እየሰፋ ነው። ምርቱ ለውጭ ገበያ ሲቀርብ ጥያቄው ይበዛል፦ ለማን እንደሚሸጥ የሚወስነው ማን ነው? ዶላሩስ በየትኛው ሒሳብ ይገባል? እነዚህ ጥያቄዎች ማንኛውም ኮንቴይነር ከመጫኑ በፊት በምክር ቤቱ መቅረብ አለባቸው።