ክብሪቱን መልሱት

አዳማ ውስጥ መምህራን ቀድመው የሚጠይቁኝ «ተማሪ ሲጥለው ክብሪት ጭረን እናሽትተው?» ብለው ነው። አታሽትቱት። ጭሱ የሚጥል በሽታን አያቆምም፤ ፊቱን ሊያቃጥለው ግን ይችላል። አፉ ውስጥ ማንኪያም እስክሪብቶም አታስገቡ፤ ምላሱን አይውጥም።

ዴስኩን አርቁ፣ ሹራብ አጥፋችሁ ከራሱ ስር አድርጉ፣ በጎኑ አስተኙት፣ ሰዓት ያዙ። አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ደቂቃ በራሱ ይቆማል። 5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደገመው ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት፤ በባጃጅም ቢሆን። በሽታው በለሃጭ አይጋባም። ሱሪው ረጥቦ ከሆነ ሳይነቃ በነጠላ ሸፍኑለት፤ የክፍሉ ልጆች ከመጣሉ ይልቅ የሱሪውን መርጠብ አይረሱም።

እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመው የፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው የቡታጅራ ጥናት ከ1,000 ሰው 5 ያህሉ በሽታው እንዳለባቸው አሳይቷል። ስለዚህ ትልቅ ትምህርት ቤት «እኛ ጋ የለም» ሲለኝ አላምንም፤ ተደብቆ ነው።

ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋውን ልጅ ሰነፍ ከማለታችሁ በፊት ፌኖባርቢታል ይወስድ እንደሆነ ቤተሰቡን ጠይቁ። ይህ የበሽታው መድኃኒት እንቅልፍ ያመጣል።

ወደ ሶደሬ መዋኛ የትምህርት ቤት ጉዞ ሲደርስም በሽታው ያለበትን ልጅ አታስቀሩት። ገንዳ ውስጥ ግን ዋና የሚችል አንድ ትልቅ ሰው እጁ የሚደርስበት ርቀት ላይ ይሁን።