ካሴት አይጠብቅም
የፋየርዋየር ትውውቅ

ፋየርዋየር የዲጂታል ቪዲዮ ካሜራን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ መስመር ነው። አፕል የጀመረው፣ በ1995 እ.ኤ.አ. አይትሪፕልኢ 1394 ተብሎ ደረጃ የወጣለት፣ ሶኒም አይሊንክ እያለ የሸጠው ይኸው ነው። ትንሿ ባለ 4 እግር ሶኬት ካሜራው ላይ፣ ትልቋ ባለ 6 እግር ኮምፒውተሩ ላይ ትገኛለች። ባለ 6 እግሯ ኤሌክትሪክም ስለምትሸከም አዙሮ በጉልበት መሰካት ዕቃ ያቃጥላል። ስለ አሰካኩ ይህ ይበቃል።

የሚያሳዝነኝ በዚህ መስመር ላይ ችግር ሲመጣ የኮምፒውተሩ አቅም ያለ ጥፋቱ የሚወቀስ መሆኑ ነው። ያለቀለትን ቪዲዮ ወደ ሚኒ ዲቪ ካሴት ስንገለብጥ ምስሉ መዝለል ሲጀምር ብዙ ሰው «ኮምፒውተሬ አቅም አንሶታል» ይል ነበር። ራም ይጨምር፣ ፕሮሰሰር ያስቀይር፣ ሲብስበት ፎርማት ያስደርግ ነበር። ግን ሒሳቡን እንሥራው። በፓል ሥርዓት አንድ የዲቪ ፍሬም 144,000 ባይት ነው። በሰከንድ 25 ፍሬም ስለሚያልፍ ከነድምፁ 3.6 ሜጋባይት ይሆናል። ፋየርዋየር በሰከንድ 400 ሜጋቢት፣ ማለትም 50 ሜጋባይት ማሳለፍ ይችላል። የፋየርዋየር ካርዱ የሚሰካበት ተራ የፒሲአይ መስመር ደግሞ እስከ 133 ሜጋባይት ይሸከማል። ስለዚህ የጎደለው ፍጥነት አይደለም።

የጎደለው ሰዓት አክባሪነት ነው። ካሜራው ውስጥ ያለው ከበሮ በደቂቃ 9,000 ጊዜ ይሽከረከራል። እሱ ላይ የተገጠሙት 2 ሄዶች በሰከንድ 300 ሰያፍ መስመሮችን ካሴቱ ላይ ይጽፋሉ፤ በፓል ለእያንዳንዱ ፍሬም 12 መስመር ይደርሰዋል። ፋየርዋየር ይህን ስለሚያውቅ ሰከንዱን 8,000 ቦታ ከፋፍሎ በእያንዳንዱ ውስጥ ለቪዲዮው ቦታ ይይዝለታል። የዘገየ መረጃ ግን በድጋሚ አይላክም። ምጣድ ላይ ሊጥ የምታዞር ሴት እጇ ለአፍታ ከቆመ እንጀራው ላይ ክፍተት እንደሚቀር ሁሉ፣ መረጃው ለአፍታ ከተቋረጠ ካሴቱ ላይ ክፍተት ይቀራል። ፋይል ሲገለበጥ ሃርድ ዲስክ ይጠብቃል፤ ካሴት አይጠብቅም።

ታዲያ የሚያዘገየው ማን ነው? ጎረቤት ነው። በቆዩ ማዘርቦርዶች ላይ ዕቃዎች ፕሮሰሰሩን የሚጠሩባቸው አይአርኪው የሚባሉ ቁጥሮች 16 ብቻ ናቸው፤ አብዛኞቹም ቀድመው የተያዙ ናቸው። ስለዚህ ፋየርዋየሩ ከግራፊክስ፣ ከሳውንድ ወይም ከኔትወርክ ካርድ ጋር አንድ ቁጥር ይጋራል። መጋራቱ ብቻውን ጥፋት አይደለም፤ ፒሲአይ እንዲጋራ ሆኖ የተሠራ ነው። ችግሩ የሚመጣው ከተጋሪዎቹ የአንዱ ድራይቨር ተራውን ቶሎ ሳይለቅ ሲቀር ነው።

አንድ የሰርግ ቪዲዮ ኤዲተር «ወንድሜ፣ ራም ጨመርኩ፣ ፕሮሰሰርም አስቀየርኩ፣ አሁንም ይዘላል» ብሎ ጠራኝ። ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ዕቃዎቹን በአይአርኪው ቁጥራቸው ስናይ ፋየርዋየሩ ከግራፊክስ ካርዱ ጋር አንድ ቁጥር ላይ ተቀምጧል። ካርዱን ከግራፊክሱ አጠገብ ነቅለን ራቅ ያለ ቀዳዳ ላይ ሰካነው፤ ቁጥሩ ተቀየረ፣ ዝላዩም ቆመ። ወጪው የአንድ ብሎን መፍታት ነበር። ቀዳዳ መቀየር ካልረዳ፣ የማትጠቀሙበትን ሞደምና የፕሪንተር ፖርት ከባዮስ አጥፉ፤ የያዙት ቁጥር ነፃ ይሆናል።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ሃርድ ዲስኩ ነው። ዊንዶውስ ኤክስፒ በዲስኩ መስመር ላይ ተደጋጋሚ ስህተት ካየ አሠራሩን ደረጃ በደረጃ ዝቅ ያደርጋል። መጨረሻ ላይ ከዲኤምኤ ወደ ፒአይኦ ይወርዳል፤ ያኔ እያንዳንዱን መረጃ ፕሮሰሰሩ ራሱ ማጓጓዝ አለበት። ይህን ሲያደርግ ለባለቤቱ አይናገርም። የዲስኩን ገመድ ቀይሩ፣ ከዚያ የአይዲኢ ቻናሉን ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ አንኢንስቶል አድርጋችሁ ኮምፒውተሩን እንደገና አስነሱ። ካሜራውንና የፋየርዋየር ኤክስተርናል ዲስክን በአንድ መስመር ላይ ማሰለፍም ሌላው የዝላይ ምንጭ ነው።

ካሜራው ጭራሹን አልቀዳም ካለ ግን ኮምፒውተሩን አትንኩ። በአውሮፓ ገበያ የተሸጡ ብዙ ካሜራዎች ከውጭ መቅዳት እንዳይችሉ ተደርገው የወጡ ናቸው፤ መቅዳት የሚችለው እንደ ቪዲዮ መቅጃ ተቆጥሮ ከፍ ያለ ቀረጥ ይጣልበት ስለነበር ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ጤነኛ ኮምፒውተር ሲፈታታ ይውላል።

ለባለሙያዎቻችን የምለው አንድ ነው፦ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፣ ከዚያ ሞክሩ። ሦስት ነገር በአንዴ የቀየረ ሰው ችግሩ ቢጠፋ እንኳ መፍትሔው የትኛው እንደሆነ አያውቅም፤ የሚቀጥለው ደንበኛ ሲመጣም ከዜሮ ይጀምራል። ዛሬ ሥራው ተገልብጦ የቆዩ ካሴቶችን ወደ ኮምፒውተር ማስገባት ሆኗል፤ ሕጉ ግን ያው ነው። ስለዚህ ፋየርዋየር ያለው ደህና ኮምፒውተር ያላችሁ ሰዎች አርጅቷል ብላችሁ አትጣሉት።