የዶሮ ቤትና ሌሊት የሚመጡ ጠላቶቹ

በኢትዮጵያ ከ50 ሚሊዮን በላይ ዶሮዎች እንዳሉ ይገመታል። አብዛኞቹ ቀን በግቢና በጓሮ ሲጭሩ ውለው ማታ ቆጥ ላይ ወይም ማድ ቤት ጥግ የሚያድሩ የሀበሻ ዶሮዎች ናቸው። በብዙ ቤት የጨው፣ የሳሙናና የደብተር መግዣ የሚወጣው ከእነሱ ነው፤ ገንዘቡም ብዙውን ጊዜ በእናት እጅ ያለ ነው። ይህን ሀብት ከሚያሳጡን ነገሮች መካከል ፈንግልና አዳኝ እንስሳት ዋነኞቹ ናቸው። ለፈንግል ክትባት አለ። ለአዳኝ መፍትሔው በአግባቡ ተሠርቶ በሰዓቱ የሚዘጋ የዶሮ ቤት ነው።

ጠላትን ለመከላከል ማንነቱን ማወቅ ያስፈልጋል፤ እያንዳንዱ ደግሞ የራሱን ምልክት ትቶ ይሄዳል። በጠራራ ፀሐይ ጫጩት ብቻ ያለ ደም፣ ያለ ላባ ከጠፋ ወሳጁ ጭልፊት ወይም ቁራ መሆኑን ጠርጥሩ። ትልቅ ዶሮ ከነአካሏ ተወስዳ ላባዋ እስከ አጥር ድረስ ከተበተነ ቀበሮ ይሆናል። ብዙ ዶሮ ተነክሶ ሞቶ ሥጋው ሳይበላ ከቀረ የባለቤት አልባ ውሻ ሥራ ሊሆን ይችላል። ትንንሽ ጫጩቶች ወደ ጉድጓድ ተጎትተው ከተገኙ አይጥ ነው። አንገታቸውና ጭንቅላታቸው የተነከሱ ዶሮዎች እዚያው ቤት ውስጥ ተዘርረው ካደሩ ደግሞ ሸለምጥማጥ ገብቷል ማለት ነው።

ከሁሉም የሚያስቸግረው ሸለምጥማጥ ነው። አካሉ ቀጭንና ረጅም፣ ቆዳው ነጠብጣብ፣ ጅራቱ ባለ ቀለበት ሲሆን ክብደቱ ሁለት ኪሎ ግራም አካባቢ ነው። ዛፍ ይወጣል፣ ጣሪያ ላይ ይሄዳል፤ ጭንቅላቱን ባሳለፈበት ቀዳዳ ሰውነቱም ይከተላል። ለአንድ ራት የምትበቃው አንድ ዶሮ ሆና ሳለ ለምን ብዙ ይገድላል? የእንስሳት ባሕርይ ተመራማሪው ሀንስ ክሩክ በ1972 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ቀበሮዎች በድቅድቅ ጨለማ መብረር ያቃታቸውን የባሕር ወፎች ከሚበሉት በላይ እንደሚገድሉ ገልጸዋል። አዳኝን የሚገታው የታዳኙ መሸሽ ነው። ዶሮም በጨለማ አታይም፤ በተዘጋ ቤትም መሸሻ የላትም። አጠገቧ ያለችው ስትነከስ እንኳ እሷ ከቆጧ አትወርድም።

ቀን ላይ ግን ዶሮ ራሷን ታውቃለች። አውራው ከሰማይ ለሚመጣ ጠላት አንድ ዓይነት፣ በምድር ለሚመጣ ደግሞ ሌላ ዓይነት ድምፅ ያሰማል፤ ዶሮዎቹም ሰምተው እንደየሁኔታው ይሸሸጋሉ ወይም አንገታቸውን ቀና አድርገው ይቃኛሉ። ስለዚህ የቀን ጥበቃ ከባድ አይደለም፤ የእንሰት፣ የቡና ወይም የቁጥቋጦ ጥላ ካለ መሸሸጊያ ያገኛሉ። ጫጩቶች ግን የመጀመሪያዎቹን ስምንት ሳምንታት በቅርጫት ወይም በሽቦ ተከልለው ቢያሳልፉ ይሻላል። በሀገራችን የገቡት ሳሶን የመሰሉ ከባድ ዝርያዎችም እንደ ሀበሻ ዶሮ ፈጥነው ስለማያመልጡ የበለጠ ጥበቃ ይፈልጋሉ።

ሌሊቱን የሚጠብቀው ቤቱ ነው። ቤቱ ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በእንጨት እግር ላይ ይቁም፤ እግሮቹ በቆርቆሮ ቢጠቀለሉ አይጥም ሸለምጥማጥም መውጣት ይቸግራቸዋል። ግድግዳው በጭቃ የተመረገም ቢሆን ስንጥቁ በየጊዜው ይደፈን። ተራው ስስ የዶሮ ሽቦ ዶሮን ከመውጣት እንጂ አዳኝን ከመግባት አያግድም፤ ለመስኮቱ ጠንካራና ቀዳዳው ከ1.5 ሳንቲ ሜትር ያልበለጠ ሽቦ ይመረጣል። መስኮቱ ከላይ ይሁን፤ አየር ካልተዘዋወረ ከኩሱ የሚነሳው አሞኒያ ዶሮዎቹን ያሳምማል። ቤቱ መሬት ላይ ከሆነ ሽቦው 30 ሳንቲ ሜትር ወደ ታች ይቀበር፣ ቆፋሪው ከሥር እንዳይገባ። ጣሪያው ላይ የተንጠለጠለ ቅርንጫፍ ይቆረጥ። በሩም ሲገፋ የማይከፈት መወርወሪያ ይኑረው።

ይህ ሁሉ ግን በሩ ካልተዘጋ ከንቱ ነው። ኢትዮጵያ ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ ፀሐይ በአብዛኛው የሀገሪቱ ክፍል ዓመቱን ሙሉ ከምሽቱ 12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ትጠልቃለች፤ ሰዓቱ ብዙም ስለማይለዋወጥ ልማድ ማድረግ ቀላል ነው። ዶሮዎቹ ራሳቸው ወደ ቆጣቸው ሲወጡ ቆጥሮ መዝጋት፣ ጠዋት ደግሞ ሲነጋጋ መክፈት ነው።

ከተበሳጨ ሰው እጅ የሚወጣው መርዝ ግን አያዋጣም። የተመረዘው ሥጋ የጎረቤትን ውሻ፣ ጥንብ አንሳንና ሌላውንም ይገድላል፤ የሞተው ሸለምጥማጥ ቦታም በሌላ ይያዛል። ሸለምጥማጥና ቀበሮ እህላችንን የሚበሉትን አይጦችም ያድናሉ። በባሌና በሰሜን ተራሮች የሚኖረው ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ፣ ቁጥሩም በመቶዎች የሚቆጠር፣ ዋና ምግቡ የአይጥ ወገን የሆነ እንስሳ ነው፤ በስሙ ብቻ በዶሮ ሌባነት ሊፈረድበት አይገባም።

አዲስ ዶሮ ለመግዛት ያሰባችሁ ሁሉ ገንዘቡን ከማውጣታችሁ በፊት ዛሬ ማታ ባትሪ ይዛችሁ የዶሮ ቤታችሁን ዙሩት። ሁለት ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ካገኛችሁ በመጀመሪያ እሱን ድፈኑ።