የዱር ወፎችን ወላጅነት ስለሚገልጹ የዘር ምልክቶች

የአንድን ጫጩት ወላጆች ማወቅ ለተመልካች ቀላል ነገር ይመስላል። ሁለት ወፎች ወደ ጎጆው እየተመላለሱ ያበሉታል፤ እንግዲህ አባትና እናቱ እነርሱ ናቸው ይባላል። በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገው ይህ አስተያየት ምን ያህል እንደሚያሳስትና እውነቱን የሚገልጹት የዘር ምልክቶች እንዴት እንደሚዘጋጁ ነው። ለምሳሌ የመረጥነው በሕንድ ውቅያኖስ ውስጥ የሚኖረውን፥ እንግሊዞች የሲሸልስ ዋርብለር የሚሉትን ትንሽ ወፍ ነው። ዓመታቱን የጻፍነው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ይህ ወፍ በ1960 ገደማ ኩዛን በምትባል አንዲት ትንሽ ደሴት ላይ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ ቁጥሩም ከ30 አይበልጥም ነበር። ደሴቲቱ በ1968 ለወፎች ጥበቃ ተገዝታ ዱሩ እንደገና ከለማ በኋላ ወፉ ተባዛ፤ በ1988 ወደ አሪድ፥ በ1990 ወደ ኩዚን ደሴት በእያንዳንዱ ጊዜ 29 ወፎች ተወሰዱ። አኗኗሩ ግን ለተመራማሪ አስቸጋሪ ነው። በአንድ ክልል ውስጥ ከዋናዎቹ ባልና ሚስት ጋር ሌሎች ጎልማሶች ይኖራሉ፤ ጫጩቱንም አብረው ይመግባሉ። ወንዱና ሴቷም በመልክ አይለዩም።

ምልክቱ የሚፈለገው ከደም ነው። የወፍ ቀይ የደም ሴል፥ ከሰው በተለየ፥ ኒውክሊየስ ስላለው አንዲት ጠብታ ትበቃለች። በዲ.ኤን.ኤ. ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ፊደላት ብቻ ደጋግመው የሚመጡባቸው ቦታዎች አሉ፤ ማይክሮሳተላይት ይባላሉ። የድግግሞሹ ብዛት ከወፍ ወደ ወፍ ይለያያል። እያንዳንዱ ወፍ አንዱን ቅጂ ከአባቱ፥ አንዱን ከእናቱ ይወርሳል። እናቲቱ 10 እና 12 ድግግሞሽ፥ ጫጩቱ 10 እና 15 ቢኖራቸው፥ 15ቱ የመጣው ከአባት መሆን አለበት። በጎጆው ያለው ወንድ 11 እና 13 ከሆነ፥ ጫጩቱን የሚያበላው እርሱ ቢሆንም አባቱ እርሱ ላይሆን ይችላል። ላይሆን ይችላል ያልነው ድግግሞሹ አንዳንድ ጊዜ በራሱ ስለሚለወጥ ነው፤ በአንድ ምልክት ብቻ መፍረድ አይገባም።

ምልክቱን ማዘጋጀት ትዕግሥት ይጠይቃል። በመጀመሪያ ድግግሞሽ ያለባቸው ቁራጮች ከወፉ ዲ.ኤን.ኤ. መካከል ተፈልገው ይወጣሉ፤ ከዚያም በግራና በቀኛቸው ያለው፥ የማይለዋወጠው ክፍል ይነበባል። በዚህ ክፍል ላይ የሚጣበቁ አጫጭር ቁራጮች፥ ማለት ፕራይመሮች፥ ይሠራሉ፤ በእነርሱም አማካይነት ያ ቦታ ብቻ እየተባዛ ርዝመቱ ይለካል። ትልቁ ድካም ከዚህ በኋላ ነው። በብዙ ወፎች ላይ ሲሞከር በሁሉም ዘንድ አንድ ዓይነት ሆኖ የተገኘው ቦታ ይጣላል። ፕራይመሩ ከሁለቱ ቅጂዎች አንዱን ሳያባዛ የሚቀርበት ቦታም ይጣላል፤ ይህ ካልተጠነቀቁለት እውነተኛውን አባት ባዕድ ያስመስለዋል። ከጥቂት ወፎች የተባዛ ዘር ደግሞ እርስ በርሱ ስለሚመሳሰል ጠቃሚ ምልክት ማግኘት ይበልጥ ይከብዳል።

ያም ሆኖ በ2001 በታተመው ጥናት በ14 ምልክቶች አማካይነት ከ96 በመቶ የሚበልጡት የኩዛን ወፎች ተመረመሩ። ከጫጩቶቹ 40 በመቶ የሚሆኑት ከቡድኑ ውጭ ካለ ወንድ የተወለዱ ነበሩ። ረዳት ከሚባሉት ሴቶች ደግሞ 44 በመቶዎቹ በዚያው ጎጆ እንቍላል ጥለው የራሳቸውን ልጅ አፍርተዋል። ስለዚህ ረዳቷ የሌላውን ልጅ ለምን ታሳድጋለች የሚለው የቆየ ጥያቄ በከፊል መልሱን አገኘ፤ ብዙዎቹ የሚያሳድጉት የገዛ ልጃቸውን ኖሯል። ይህንን መነጽር ይዞ ዕድሜ ልክ ቢመለከቱ አይደረስበትም ነበር።

በእኛ አስተያየት ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበው በ2014 የወጣው ውጤት ነው። ከ1876 እስከ 1940 በተሰበሰቡ የሙዚየም ወፎች ላይ ተመሳሳይ ምልክቶች ሲነበቡ፥ ወፉ ከጥንት የዘር ልዩነቱ ሩብ ያህሉን ማጣቱ ታወቀ። ቁጥሩ ተመልሷል፤ የጠፋው ልዩነት ግን ወፎችን ከደሴት ወደ ደሴት በማዛወር አይመለስም፤ ሁሉም የእነዚያ ጥቂቶች ልጆች ናቸውና።

ዛሬ ሙሉውን ዲ.ኤን.ኤ. ማንበብ እየረከሰ ስለ መጣ፥ በአንዲት ፊደል ልዩነት ላይ የቆሙ ምልክቶች ማይክሮሳተላይትን በብዙ ቦታ እየተኩት ነው። ነገር ግን መሣሪያ ለሚያጥረው ላቦራቶሪ አሮጌው መንገድ አሁንም ይሠራል። የሲሸልሱ ወፍ ምልክቶች በሌሎች ዘማሪ ወፎችም ላይ ተሞክረዋል፤ በአገራችን ወፎች ላይ ጥናት ለመጀመር የሚያስብ ተማሪም አዲስ ምልክት ከመፈለጉ በፊት ለቅርብ ዘመዳቸው የተሠራውን ቢሞክር ብዙ ወራት ይተርፉለታል።